ሽማግሌ የመሰሉት እንግዶች

ማስሊያና ከቤታቸው ጓሮ፣ ኩዊን ወንዝ ላይ በሚንሳፈፈው የግንድ መታጠቢያ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታለቀልቅ፣ ጎረቤቷ አጪል ሀምሲያ ሽርጧን ሰብስባ እያለከለከች ወረደች። አጪል ማለት አክስት ነው። በደም አይዛመዱም፤ በምላስ ግን ሴትየዋ የመንደሩ ሁሉ አክስት ነች።

«ንቅንቅ እንዳትዪ!» አለች። «እያባረርኩልሽ ነው።»

«ማንን?»

«ሽማግሌዎቹን ነዋ! ሰውየው ስምሽን ከነአባትሽ ይጠራል፣ ሴትየዋ ሳጥን አንጠልጥላለች። እዚህ ነው ወይ የምትኖረው ይሉኛል። ለምን ፈለጋችኋት ስላቸው አፋቸውን ለጎሙ። እንዲህ ተሽኮርምሞ ጎረቤት የሚጠይቅ፣ ልጅ ሊያጭ የመጣ ካልሆነ ማን ነው? ውድድርሽ ደርሶ አሁን ባል ምን ይሠራልሻል? ማርታፑራ ከተማ ዘመድ ጋ ሄዳለች፣ በሳምንቱ ነው የምትመለሰው አልኳቸው።»

ማስሊያና የውሃ መቅጃው ከእጇ ወደቀባት።

ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ አበረታች ቅመም መውሰድ አለመውሰዷን የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው። ለምን እንደመጡም ለጎረቤት አይናገሩም። የብሔራዊ ቡድን ቀዛፊ በየቀኑ የት እንደምትገኝ አንድ ሰዓት መርጣ ታስመዘግባለች፤ የማስሊያና ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ቤቷ ነው። በዚያ ሰዓት ሳይደውሉ ይመጣሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቴ ካጧት፣ አንዲት ክኒን ባትቀምስም ለሁለት ዓመት ከውድድር ትታገዳለች። እስካሁን ሁለቴ አጥተዋታል፤ አንዴ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ቤት አድራ፣ አንዴ ከካምፕ ስትመለስ አድራሻዋን ሳታስተካክል። አፍራ ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም። ወሬ ከወንዙ ቀድሞ በሚፈስበት መንደር፣ ይህን ለብቻዋ ተሸክማ ወራት መክረሟ ይገርማል።

«ሄዱ?» አለች።

«ሰውየው የት ይሄዳል! አልቅት ነው እንጂ ሰው ነው? ሰዓቱ እስኪሞላ እጠብቃለሁ ብሎ ደጃችሁ ላይ ተጎልቷል። እናትሽ ገበያ ወጥታለች፣ እሱ ባዶ ቤት ሲደበድብ...»

ሲያንኳኳ አልሰማችም፤ የሚያልፉት የሞተር ጀልባዎች ጆሮዋን ደፍነውት ነበር። አጪል ሀምሲያን አላስጨረሰቻትም። ውሃ እያንጠባጠበች በጓዳ በኩል ሮጣ የፊት በሩን በረገደችው።

ሪዙ የሸበተ ሰውዬ ከደረጃው ብድግ ብሎ ሰዓቱን አየ። «የአብዱል ባሲር ልጅ ማስሊያና? ደርሰሻል። ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል።»

«ስለጠበቁኝ አላህ ይስጥልኝ» አለች።

«እኔ ምን አደረግኩ? ሕጉ እስከ መጨረሻው ጠብቅ ስለሚል ነው የጠበቅኩት።»

«ሕጉንም አላህ ይባርከው» አለች፣ ከልቧ። እስከ ትናንት ማታ ስትራገመው የኖረችው ሕግ ነው።

አጪል ሀምሲያ እንግዶቹ ሊቆዩ መሆኑን ስታይ ሻይ አፍልታ መጣች። ማስሊያና እጇን ከብርጭቆው መለሰች። «ይቅርታ አጪል፣ ምርመራው እስኪያልቅ የታሸገ ውሃ ብቻ ነው የምጠጣው።»

«የእኔን ሻይ? መርዝ አለበት?»

ያን ጊዜ ማስሊያና ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ያለፉትን ሁለቱን፣ ዛሬ ሦስተኛው ሊሆን የነበረውን፣ የሁለት ዓመቱን ቅጣት። አጪል ሀምሲያ ትሪውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ሁለት ዓመት? በእኔ ምላስ?»

«በአንቺ አይደለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሕጉም የሚጠይቀው እኔን ነው፣ ሌላ ማንንም አይደለም።»

«አንቺ ደረቅ! ብትነግሪኝ እግራቸውን አጥቤ ነበር የማስገባቸው!» አለችና ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ እየጠረገች ወጣች።

ቀሪው ሥራ የምርመራ ኩባያዋን በሽንት መሙላት ነው፤ ሽንቱ ግን እምቢ አለ። ማስሊያና የታሸገ ውሃ ደጋግማ ጠጣች። መርማሪዋ ሴት ሽንት ቤት ድረስ አብራት ገብታ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች፤ እንዲህ እየታየ ደግሞ ጠብታ አይወርድም።

በዚህ መሃል ከውጭ፣ ቤቶቹን በሚያገናኘው የእንጨት መተላለፊያ ላይ፣ የአጪል ሀምሲያ ድምፅ ተሰማ።

«ስሙኝ! ሳጥን የያዙ ሰዎች ማስሊያናን ብለው ከመጡ ሽማግሌ አይደሉም! ከተኛች ቀስቅሷት! ወንዝ ከወረደች ጥሯት! ሠርግ ቤት ካደረች በታንኳ አምጧት! የለችም የሚል ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ!»

«ሰምተናል!» አለች አንዲት ሴት።

«እኔ ጋ ከተገኘች አዝዬ ነው የማመጣት!» አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ።

«አንተን ማን ያዝልሃል፣ ቦርጫም!» አለችው አጪል ሀምሲያ።

ድምፁ ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ ራቀ። ማስሊያናን ሳቅ አፈናት። ከእነዚህ ሰዎች ነው ምስጢሯን የሸሸገችው! ምስጋናው ደረቷን ሞላው። ሳቁ እንባ አመጣ፣ እንባው ደግሞ እምቢ ያለውን ሽንት አስከትሎ መጣ።

መርማሪዋ ኩባያውን አየት አደረገች። «ይበቃል፣ ልጄ» አለች።

ማስሊያና ግን ማልቀሷን አላቆመችም።