በየትኛው ጎን

የራጅ ሐኪሟ የአንድ ሹፌር ራጅ አይታ «የቀኝ ሳንባው ተኮማትሯል፤ ደረቱ ውስጥ አየር ገብቷል» ብላ ፈርማ ውጤቱን ወደ ድንገተኛ ክፍል ከላከች በኋላ፣ ራጅ አንሺው በበሩ ብቅ አለ። ምስጋና ፈልጎ ነው የመጣው። ሲበዛ ቅን ሰው ነው፤ ቅንነት ደግሞ ሳይጠሩት ሲመጣ ጣጣው ብዙ ነው።

«ዶክተርዬ፣ የዚያን ሹፌር ራጅ እኮ አስተካክዬ ነው የላክሁልሽ። ተገልብጦ ነበር የወጣው።»

«ተገልብጦ ስትል?»

«ልቡ በቀኝ ታየኛ! ልብ በግራ አይደል እንዴ? ኮምፒውተሩ ላይ አዞርኩት፣ የግራና የቀኝ ምልክቱንም ቀየርኩት።»

ክው አለች። ልቡ በቀኝ ሆኖ የሚወለድ ከስንት ሺህ ሰው አንድ ነው። ግን አለ። ሹፌሩ ያ አንዱ ከሆነ፣ የታመመው የግራ ሳንባው ነው፤ ደህና ሆኖ የቀረለት ደግሞ የቀኙ፣ አየሩ እንዲወጣ በእሷ ፊርማ ሊበሳ የተዘጋጀው። እሱንም ከነኩበት በምን ሊተነፍስ ነው? አንሺው ልክ ከሆነስ? በሰው ፊት ሕክምና አስቁማ ጉድ መሆኗ ነው፤ ያውም በመብረቁ ፊት።

መብረቁ የሚሏቸው የዛሬውን የድንገተኛ ክፍል ተረኛ፣ አንጋፋውን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እሷን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ሲጠሯት ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ስልክ ደወለች። የሚያነሳ የለም። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የሷ ግን ሰው ላይ ሊፈታ ነው።

ስትደርስ ሹፌሩ ከንፈሩ ጠቁሮ ያቃስታል። ቀኝ ጎኑ በአዮዲን ተጠርጓል፤ መብረቁ ምላጩን አንስተዋል።

«ይቁሙ!»

«ምን ሆንሽ፣ አንቺ ልጅ?»

የሰው ገላ በእጇ ከመረመረች ዓመታት አልፈዋል። መዳፏን በሹፌሩ ግራ ጡት ሥር አሳረፈች። ምንም የለም። ወደ ቀኝ አሻገረችው። ልቡ እዚያ እንደ ከበሮ ይደልቃል።

«ልቡ በቀኝ ነው። የሚበሳው ግራው ነው፤ ራጁ ዞሮ ነው የደረሰኝ።»

መብረቁም መዳፋቸውን ከእጇ አጠገብ አደረጉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። አልጋውን ዞሩ፤ ግራ ጎኑን ጠርገው ቱቦውን ሲያስገቡ አየሩ እሽ ብሎ ወጣ፣ ሹፌሩም ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ።

«የማን ሥራ ነው ይሄ?» ብለው አንባረቁ።

አንሺው ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ወደሱ ብትጠቁም ትገላገል ነበር፤ አፏንም ዳድቶት ነበር።

«የኔ ነው። ሰውየውን ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች።

መብረቁ አፍጥጠው አዩዋትና ወደ ሹፌሩ ተመለሱ። ተረፍኩ ብላ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ አንሺው ክንዷን ያዘ።

«ዶክተርዬ፣ ያዞርኩት እኮ የዛሬውን ብቻ አይደለም።»

የቀሩትንም የፈረመችው እሷ ናት።