ዘጠና ስድስት

በመሥሪያ ቤት ወንፊቷ ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጣልኝ ባሌ ነው። ኮድ በእኔ በኩል ሲያልፍ ገለባው ይቀራል ለማለት ነው፤ ሲያሞግሰኝም ሲናደድብኝም በዚሁ ስም ይጠራኛል፣ የቱ እንደሆነ ከድምፁ ነው የምለየው።

ድርጅታችን የሚሠራው ኦክስጅን የሚሰጡ ማሽኖችን ነው፤ ቤት ውስጥ አልጋ አጠገብ የሚቀመጡትን። ከማሽኑ የሚወጣ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይሄዳል። ሌላ ቀጭን ገመድ ደግሞ ጫፉ ላይ ባለ መቆንጠጫ ጣት ይይዝና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። ልኬቱ ከዘጠና በታች ከወረደ ማሽኑ ይጮኻል። ባሌ የሚጽፈው ድራይቨር የሚባለውን ነው፤ ማሽኑ ከዚያ መቆንጠጫ ጋር የሚነጋገርበትን ኮድ። ድራይቨር የሲስተሙ ሆድ ውስጥ፣ ከርነል ውስጥ ስለሚገባ ቀልድ አያውቅም። ሌላ ፕሮግራም ቢበላሽ ተዘግቶ ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ግን ሌላውንም ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው መስመር በመስመር አንብቦ ይፈርማል። ያልተፈረመበትን ድራይቨር ማሽኑ ራሱ አይቀበልም። የፈረመው ሰው ስም ደግሞ ከኮዱ ሥር እስከ መጨረሻው ይኖራል።

በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው እንዳይፈርም የሚከለክል ደንብ ነበረን። ሌላው ገምጋሚ ሥራ ሲለቅ ግን ከርነል የሚያነብ ከእኔ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ አለቃችን "ለጊዜው" ብሎ ፈቀደልን። ለጊዜው ካለ ስምንት ወር ሆነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆናል፤ ስህተት አሳልፈን ከተገኘን ፈቃዱ ይነሣል፣ ከሁለታችን አንዳችን ከክፍሉ እንወጣለን። ማን እንደሚወጣ አልጠየቅነውም። የሚጽፈው እሱ ነው፣ የማነበው እኔ። ክፍት የነበረው ቦታ ደግሞ ምድር ቤት፣ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ስልክ የሚነሣበት ክፍል ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ሁለት መቶ ማሽኖች የእኔን ፊርማ ይጠብቁ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት እንድጨርስ ተነግሮኛል። ሥራው ትንሽ ነው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ይለካ የነበረው ሁለት ጊዜ እንዲለካ ባሌ አሥራ አራት መስመር ለውጧል። አሥራ አራቱ ንጹሕ ነበሩ። መጥፎ ልማድ አለብኝና ከለወጠው በላይ ያለውን፣ ቀድሞ የተፈረመበትን፣ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ነው ክው ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው የመሥሪያ ቤት ሽንት ቤት አስቡ። የሚገባው ሰው ቁልፉን ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል፣ የቀረው ተሰልፎ ይጠብቃል። ድራይቨሩም እንደዚያው ነው፤ ቁልፍ ይይዛል፣ መቆንጠጫውን ይጠይቃል፣ መልሱን ይመዘግባል፣ ቁልፉን ይመልሳል። መቆንጠጫው መልስ ካልሰጠ ግን በሌላ በር ይወጣል። በዚያ በር ሲወጣ ቁልፉን የሚመልስ መስመር አልነበረም። ኪሱ ከትቶት ይሄዳል። ማስጠንቀቂያው ለመጮኽ ያንኑ ቁልፍ ይፈልጋልና ደጃፉ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ማንም አይከፍትለትም። ስክሪኑ ደግሞ ቁልፍ ስለማያስፈልገው የመጨረሻውን ቁጥር እንዳሳየ ይኖራል።

ማነው ይህን ያሳለፈው ብዬ ደሜ ፈላ። ወደ ታች ወረድኩና የፈረመውን ሰው ስም አየሁ። የእኔ ነበር።

ቀኑንም አስታወስኩት። ባለፈው እሑድ ነው። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ፣ እማማ፣ የቆየው ማሽናቸው ቀጥ ብሎባቸው ትንፋሻቸው መቆራረጥ ጀመረ። ባሌ መሥሪያ ቤት ሮጦ ለሙከራ የተሠራውን አዲሱን ማሽን ተሸክሞ መጣ። ድራይቨሩ ግን አልተፈረመበትም። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ፊቴ ደቀነና "ፈርሚልኝ፣ ነገ ታነቢዋለሽ" አለ። ከወዲያ እማማ ያጣጥራሉ። በእርጥብ ጣቴ ነካሁት። ማሽኑ ተነሣ፣ እማማ ተነፈሱ፣ ሁለታችንም አለቀስን። ሰኞ ግን አላነበብኩትም። ፈርሜ የለ እንዴ።

ክፍላችን መስኮት አለው፤ አይከፈትም እንጂ። ቀለም ቀቢዎቹ ብሎኑን ከፍሬሙ ጋር አንድ ላይ ቀብተውታል። እዚያ መስኮት ሥር ከሚቀመጠው ባሌ ጋር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አራት እርምጃ እንራራቃለን። ጠራሁትና መስመሩን አሳየሁት። አየው፤ ጎበዝ ስለሆነ ለመረዳት ሦስት ሰከንድ አልፈጀበትም።

"ይሄ የሚሆነው ገመዱ ከተነቀለ ብቻ ነው" አለ። "ገመዱ ደግሞ ማያያዣ አለው። ሰው ካልነቀለው አይነቀልም።"

"ሰው ይነቅለዋላ።"

"ገመዱን ሁለት ወር ሞክረነዋል። አንድ ቀን ተነቅሎ ያውቃል?"

"የሞከርነው እኛ ነን። እኛ መነቀል እንደሌለበት እናውቃለን።"

ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። "ስሚኝ፣ ዛሬ ፈርሚ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንን አንድ መስመር ጨምሬ ከሌላ ነገር ጋር አሳልፈዋለሁ። አሁን የእሑዱን ኮድ እንድነካ ፊርማሽን ካነሣሽ ምክንያቱን መጻፍ ሊኖርብሽ ነው። ምን ብለሽ? እቤት ሰሃን ሳጥብ ፈረምኩ ብለሽ? ምድር ቤት የምትወርጂው አንቺ ነሽ። ለአንቺ ብዬ ነው።"

ለአንቺ ብዬ ነው ሲለኝ ቆሽቴ አረረ። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አሳረረኝ። አሥራ አንድ ዓመት ከርነል አንብቤ "ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰክተውታል?" እያልኩ ልውል ነው። ዝም ብዬ ብፈርም ደግሞ ሁለት መቶ ቤት ውስጥ፣ ሁለት መቶ አልጋ አጠገብ፣ መጮኽ የማይችል ማሽን ላስቀምጥ ነው። ወደፊትም ወደኋላም መላወሻ አልነበረኝም።

"የእኛ ቤቱስ?" አልኩት። "ያ ማሽን እኮ ይኸው ኮድ ነው ያለበት።"

ይህቺ ነካችው። ስልኩን አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ።

"እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ማሽኑ ስንት ይላል?"

"ዘጠና ስድስት። ምነው?"

"ምንም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።"

ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። "አየሽ?" አለ። እፎይ አልኩ። ለመናገር ያሳፍረኛል እንጂ ደስ አለኝ፤ የምፈርምበት ምክንያት ያገኘሁ መሰለኝ። ተቀመጥኩና የፊርማውን ገጽ ከፈትኩ።

እማማ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቱቦ ታስረው ነው የኖሩት። ሰባት ሜትር ነው። እስከ ወጥ ቤቱ ደፍ ይደርሳል፣ መታጠቢያ ቤትም ይበቃል፤ እስከ ግቢው በር ግን አይደርስም። ስንት እንደሚጎድለው አንድ ቀን ራሳቸው በእርምጃ ቆጥረውታል፣ አምስት ነው። ሐኪማቸው ልኬቱ ከዘጠና አምስት በላይ ሆኖ ከቆየ ቱቦውን አውልቀው ትንሽ ትንሽ እንዲንቀሳቀሱ ፈቅዶላቸው ነበር፤ ሆኖላቸው አያውቅም። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ቁጥሩ ዘጠና ስድስት ላይ ረጋላቸው። ቱቦውን አወለቁ። በር ላይ ወንበር አስወጥተው ከጎረቤታቸው ጋር ቁጭ ብለው መንገደኛ ማማት ጀመሩ። ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ስንወጣ ግድግዳውን በእጃቸው ተደግፈው እያለከለኩ ሲገቡ አገኘኋቸው። "ተሻለኝ እኮ" አሉኝ። ማሽኑን አየሁ፣ ዘጠና ስድስት። እኔም አጨበጨብኩላቸው።

የፊርማው ሳጥን ላይ እንዳለሁ ያ ማለክለካቸው ትዝ አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የሙከራ ማሽን አለ። ጣቴን መቆንጠጫው ውስጥ አስገብቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ዘጠና ሰባት። ዘጠና ስምንት። ዘጠና ሰባት። ጤነኛ ሆኜ፣ ወንበር ላይ ተዘፍዝፌ፣ ቁጥሩ አልረጋም። የእማማ ሦስት ቀን ንቅንቅ አላለም።

ስልኬን ይዤ ወደ ደረጃው ወጣሁ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ። ምን እያደረጉ ነው?"

"አሁን መግባቴ ነው። በር ላይ ስንጫወት ቆይተን። ትንሽ ራሴን አዞረኝና ጋደም አልኩ።"

"ቱቦው አፍንጫዎ ላይ ነው?"

"ምን ያደርግልኛል? ዘጠና ስድስት እኮ ነኝ።"

"የጣትዎ መቆንጠጫስ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥፋት የተገኘባቸው ሲመስላቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

"እሱንማ ማክሰኞ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ልብስ ሳለቀልቅ ውሃ እንዳይገባው ብዬ። ከነገመዱ በደንብ ነው የነቀልኩት፣ ምንም አልሰበርኩም።"

"ማሽኑ አሁን ስንት ይላል?"

"ዘጠና ስድስት አልኩሽ እኮ። ለምዶኛል መሰለኝ፣ ያለገመድም ያውቀኛል።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቱቦውን አሁኑኑ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። "እሺ፣ መጀመሪያ ገመዱን ልሰካልሽ" አሉ፤ አንዴ ከያዙ አይለቁም። መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። ሰኩት፣ ጣታቸው ላይ አደረጉት። ማብሪያ ማጥፊያውን ሁለቴ እንዲጫኑት ነገርኳቸው። ጠፋ፣ በራ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ጩኸቱ መጣ።

"ስንት ይላል፣ እማማ?"

ቆዩ። መነጽራቸውን እየፈለጉ ነበር።

"ሰማንያ አንድ" አሉ።

"ቱቦውን። አሁን።"

ባሌ ከበስተኋላዬ ቆሞ ነበር። "ፈረምሽ ወይ" ሊለኝ ነው የመጣው። የጩኸቱን ድምፅ የመረጠው ራሱ ነው፤ ከአሥር ድምፆች መካከል እቤት እያስደመጠን፣ እማማንም ጭምር እየጠየቀ። ስልኩን ከእጄ አልተቀበለኝም። ግድግዳውን ተደግፎ ከእኔ ጋር ቁጥሩን ሰማ። ሰማንያ አራት። ሰማንያ ስምንት። ለመቶ ዓመት ያህል ቆየና ዘጠና አንድ። ጩኸቱ ቆመ።

"እስክትደውዪ ድረስ ደህና ነበርኩ እኮ" አሉ እማማ። ቁጣ የለበትም። እንዲያው ነገሩ ስላልገባቸው ነው። አንጀቴን በሉት።

ባሌ ጃኬቱን እንኳ ሳይወስድ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። መታጠፊያው ላይ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ።

"ፊርማሽን አንሺው" አለኝ። "የእኔንም ስም ጻፊበት።"

እማማ ስልኩን እንዳይዘጉ ነግሬያቸው ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ስልኩን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ፊርማ ማንሻው ገጽ ምክንያት ይጠይቃል፣ ለምክንያቱም ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ሁለቱ በሮች፣ ስለሚጎድለው መስመር በደንብ ጻፍኩ። ከዚያ በታች "የእሑዱን ኮድ ሳላነብ ፈረምኩ፤ የጻፈው ባሌ ነው" ብዬ ጨመርኩና ላክሁት። አምስት ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ወዲያው የአለቃችን በር ሲከፈት ሰማሁ። አልዞርኩም፤ መስኮቱን አየሁት፣ በቀለም የታፈነውን ብሎን።

"አለሽ ልጄ?" አሉ እማማ።

"አለሁ፣ እማማ።"

"ለነገም ተቀጣጥረናል እኮ፣ ከጎረቤቴ ጋር። በር ላይ ትጠብቀኛለች።" ትንሽ ተነፈሱ። "ከነቱቦው ብወጣ፣ ስንት እርምጃ ነበር የሚጎድለኝ?"

እሳቸው ያውቁታል። የቆጠሩት ራሳቸው ናቸው። ምናልባት እኔ ስናገረው ያንስ ይሆናል ብለው ይሆናል።

"አምስት ነው፣ እማማ" አልኳቸው።