ለጀማሪ የሚሆን መሪ

አውሮፕላኗ ወደ ግራ ዘመም አለችና በአፍንጫዋ ባሕር ውስጥ ገባች። ስክሪኑ ጠቆረ።

"አለቀልኝ!" አለች ሎርና መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ እንደያዘች። "ራሴን ገደልኩ!"

"ምንም አልሆኑም" አለች ማሪሴል እየሳቀች። "መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እዚያው ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። ይድገሙት።"

ማሪሴል አንኮሬጅ መሃል ከተማ በሚገኝ የኮምፒውተር ሱቅ የምትሠራ፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች ወጣት ናት። ሎርና ደግሞ ወደ ስልሳዎቹ የተጠጋች የአቅራቢያዋ የፓልመር ከተማ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ እንኳን ልታበር የአውሮፕላን መሪ የመንካት ሐሳብም አልነበራትም። የመጣችው ለባሏ ስጦታ ልትገዛ ነው።

ባሏ ቨርን ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ትንሽ አውሮፕላን ሲያበር የኖረ ሰው ነው። በበረዶው ወራት ልቡን አመመውና ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። አሁን ተሽሎታል፤ መኪና መንዳትም እንጨት መፍለጥም ተፈቅዶለታል። ማብረር ግን ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ የቨርን ጨዋታ ጠፋ። ቁርሱን እንደ ነገሩ ቀማምሶ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ በቤታቸው አናት ላይ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አውሮፕላኗን የሚገዛ አንድ የጥርስ ሐኪም ማግኘቱን ነገራት። ሰውየው ዛሬ ከሥራ በኋላ መጥቶ ሊነጋገር ነው።

ሎርና አውሮፕላኗ ከተሸጠች ከወንዙ ማዶ፣ ከተራሮቹ ሥር ያለችው ጎጇቸውም አብራ እንደምትቀር ታውቃለች። ወደዚያ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም። ልጆቻቸው መዋኘት የተማሩት፣ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ የለመዱት እዚያ ነው። ምን ታድርግ? ቢያንስ ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ይብረር ብላ ከሥራ ፈቃድ ወሰደችና በረዶው እየቀለጠ ባጨቀየው መንገድ ነድታ መጣች።

"የሚገዙት ለጀማሪ ነው ወይስ ለሚያውቅ?" ብላ ነበር ማሪሴል ገና እንደገባች የጠየቀቻት።

"ለሚያውቅ። አውሮፕላኗን ከኔ በላይ ነው የሚያውቃት።"

ማሪሴል ሁለት ዓይነት መቆጣጠሪያ አወጣችላት። አንደኛው በአንድ እጅ የሚያዝ ጆይስቲክ ነው፤ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ የሚገፋና የሚሳብ መሪ።

"የባለቤትዎ አውሮፕላን የትኛው ነው ያላት?"

"መሪ። እንዲያውም ሁለት ነው ያላት፤ አንዱ በሱ በኩል፣ አንዱ በኔ በኩል።"

"በእርስዎ በኩል ያለውን ይዘውት ያውቃሉ?"

"አንድ ጊዜ ሳንድዊቼን ላንጠለጥልበት ስል ጮኸብኝ።"

ማሪሴል ሳቋ አመለጣት። "በሉ እስቲ ዛሬ ያለ ሳንድዊች ይሞክሩት" ብላ ወንበር ሳበችላት።

እንዲህ ነበር ባሕር ውስጥ የገባችው። አሁን ሎርና ኮቷን አውልቃ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

"ከየት ልነሳ?"

"ከፈለጉበት። የአገሩ አየር ማረፊያ ሁሉ አለ።"

"ፓልመርም?"

ማሪሴል ጻፈችና ተጫነች። ስክሪኑ ላይ መንደርደሪያው፣ ከኋላው ደግሞ ሎርና በየቀኑ ከፖስታ ቤቱ መስኮት የምታየው ባለበረዶ ተራራ ብቅ አለ። የጋዙን ማንሻ እስከ መጨረሻው ገፋችው። አውሮፕላኗ ተንደረደረች፤ መሪውን ሳብ ስታደርገው መሬቱ ከሥሯ ለቀቀ።

"ቀስ! በሁለት ጣትዎ ብቻ ይያዙት" አለች ማሪሴል። "አይታገሏት፣ እሷ ራሷ መብረር ትፈልጋለች።"

ሎርና እጇን አላላች። እውነትም አውሮፕላኗ ተረጋጋች። ወንዙን፣ አውራ ጎዳናውን፣ የድንች እርሻዎቹን አየች። "ቤታችን! ያውና ጣሪያችን!" ብላ ስትጮህ የኮምፒውተር ገመድ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬ ሥራውን ትቶ ከኋላዋ ቆመ። ለማረፍ ዞረች። መንደርደሪያውን መታችው፣ ነጠረች፣ ደግማ መታችው፣ ከዚያ ወደ ሣሩ ወጥታ ቆመች። አልተሰበረችም። ሰውየው አጨበጨበ።

ሎርና ተነስታ ቆመች። ፊቷ ፈክቷል።

"የኔ ልጅ፣ ቅድም የነገርኩሽን ተይው። ለጀማሪ ነው።"

ማሪሴል ገባት። ውዱን፣ ባለብዙ ማብሪያውን መሪ ወደ መደርደሪያው መለሰችና ቀለል ያለውን፣ የጋዙ ማንሻ አብሮት ያለውን አወረደች። "ለጊዜው ይሄ ይበቃዎታል። ጀማሪ በእግር የሚረገጠውን ፔዳል ቆይቶ ቢገዛው ምንም አይደል፤ እርስዎ ግን እውነተኛ አውሮፕላን ስላለችዎ እግርዎ ከወዲሁ ይልመድ" አለቻት። ልጃቸው ጌም ሲጫወትበት ኖሮ ትቶላቸው የሄደውን ኮምፒውተር ዓይነትም ጠይቃ፣ የማብረሪያውን ፕሮግራም መሸከም እንደሚችል አረጋገጠችላት።

ሎርና ቤት ስትገባ ቨርን ካርቶኖቹን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሲሙሌተር። በኮምፒውተር ማብረሪያ።"

"መጫወቻ ገዛሽልኝ? ሎርና፣ እዚህ ደረስኩ?"

"ላንተ ነው ያለህ ማን ነው?"

ቨርን ወደ መስኮቱ ዞረ። ሎርና መሪውን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሰረች፤ ፔዳሎቹን እግሯ ሥር አደረገች፤ ገመዶቹን እያጉረመረመች ሰካካችና ከፓልመር ተነሳች። የሞተሩ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቨርን የቴሌቪዥኑን ማዘዣ አነሳ፤ ግን አልተጫነውም።

"ፍጥነትሽ እየሞተ ነው" አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

"ሳታየው በምን አወቅህ?"

"ድምፁን አትሰሚም? አፍንጫዋን ዝቅ አድርጊ። ዝቅ! ጋዝ ጨምሪ!"

"አትጩህብኝ!"

"አልጮህኩም! ቀኝ እግር! ቀኝ ያልኩሽ!"

ከመቼው ተነስቶ ከወንበሯ ኋላ እንደቆመ አላወቀችም። እጁን ወደ መሪው ሲሰድ መታ አደረገችው።

"አትንካ። እኔ ነኝ የማበረው።"

"እሺ፣ እሺ። እንዳትቸኩይ። ጋዙን ቀንሺ... መሬቱን አትዪ፣ የመንደርደሪያውን ጫፍ እዪ... አሁን ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ፣ እንደሱ፣ እንደሱ..."

ጎማዎቹ መሬት ነኩ። አልነጠረችም።

"አረፍኩ! ቨርን፣ አረፍኩ!" ብላ ዘላ ተነሳች። ቨርን አቅፏት ይስቃል። ከታመመ ወዲህ እንደዚህ ሲስቅ አልሰማችውም።

"ግማሹን መንደርደሪያ ጨርሰሽ ነው ያረፍሽው" አለ ዓይኑን እየጠረገ።

"እሱን ለማሳጠር ነዋ መማር የምፈልገው። በእውነተኛዋ።"

ቨርን ሳቁን አቆመ። "በዚህ ዕድሜሽ?"

"በዚህ ዕድሜዬ አንተን ችዬ የለ እንዴ? ሐኪሙ ማብረር ነው የከለከለህ፤ ከኔ ጎን መቀመጥ አልከለከለህም።"

ውጭ ጠጠሩ ላይ የመኪና ጎማ ተንኮሻኮሸ። የጥርስ ሐኪሙ ነው። ቨርን በመስኮቱ አየና ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ በሩ ሄደ። ሎርና ስልኳን አወጣችና አየር ማረፊያው አጠገብ በረራ ለምታስተምረው ለሃይዲ ደወለች።

"ሃይዲ፣ ሎርና ነኝ፣ ከፖስታ ቤት... የለም፣ ዕቃ አልመጣልሽም። ልማር ፈልጌ ነው። አዎ፣ እኔው ራሴ! በኛው አውሮፕላን። ቅዳሜ? ቅዳሜ ይመቸኛል። ጠዋት ወይስ ከሰዓት?"

ቨርን የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ።

"ጠዋት በያት" አለ። "ከሰዓት ከተራራው በኩል ነፋስ ይነሳል።"

ከዚያም በሩን ከፍቶ፣ ሰውየውን በከንቱ ስላለፋው ይቅርታ ሊጠይቀው ወጣ።