የስምንተኛው ቀን ቆጠራ

በዚያ የሰኔ ማብቂያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በጃማይካ ከትልቁ ቤት በታች ባለው ሜዳ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ ሁሉም «ቡሻ» የሚለው የሸንኮራ እርሻው አዛዥ ጋሪክ፣ ብዕር ይዞ ከጎኑ የተቀመጠው ነጭ ጸሐፊ፣ አለንጋውን ትከሻው ላይ የጣለው የባሮቹ አለቃ ኳኮ (እሱም ራሱ ባሪያ ነው)፣ አዋላጇ ናና ፊባ፣ ከዚያም የእርሻው ባሮች ሁሉ፣ ሽማግሌ ከሕፃን ሳይለይ። የጎደለችው ሚምባ ብቻ ናት። እሷ ከሜዳው ጥግ ባለችው ጎጆዋ ውስጥ ስምንተኛ ቀኑን የያዘ ልጇን ታቅፋ፣ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ታይ ነበር።

የሚጻፈው በየሦስት ዓመቱ የሚወጣው የባሮች ዝርዝር ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የቆዳ መልክ። ቡሻ ምሎ ይፈርምበታል፤ አንዱ እዚሁ ስፓኒሽ ታውን ይቀመጣል፣ ግልባጩ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ይገባል። ባለፈው ዝርዝር ላይ የሚምባ ልጅ ጁባ ተጽፋ ነበር። ዓመት ሳይሞላ አንድ እንግዳ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። ሰውየው ጁባን አይቷት አያውቅም፤ ወረቀቱ ግን ያውቃት ነበር። ስሟን ጠራ፣ ልጅቱ «አቤት» አለች፣ ከሌሎቹ ጋር ጋሪ ላይ ጫኗት። የእርሻው ጌታ ለንደን ተቀምጦ፣ ሳያያት፣ በዕዳው አሳልፎ ሰጥቷት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ በሰማች ቁጥር ሚምባ የያዘችውን ጥላ ትሸሸጋለች።

ይኸኛው ልጅ እንዳይጻፍባት ነው የምትለምነው። ሌላ ምንም አትፈልግም።

በባሮቹ ዘንድ ሕፃን ዘጠኝ ቀን እስኪሞላው ሰው አይባልም። ከሙታን አገር ብቅ ያለ እንግዳ ነው። ስም አይወጣለትም፣ «ተወለደ» አይባልም፣ ወንድ ጎጆው አይገባም። ቤተኞቹ ከጓጉለት ይኮራና ወደመጣበት ይመለሳል። ነጮቹም ቢሆኑ፣ መንጋጋ የሚቆልፈው በሽታ ብዙ ሕፃናት ስለሚወስድባቸው፣ ከዘጠኝ ቀን በፊት መጻፍ አይወዱም። ዛሬ ግን ዝርዝሩ ይዘጋል። ቡሻ ደኅና ልጅ መኖሩን ካወቀ አንድ ቀን አይታገሥም።

ሚምባን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራቻት ናና ፊባ ናት። አዋላጇ በሕይወት ለተረፈ ለያንዳንዱ ሕፃን ከቡሻ አንድ አዲስ ጨርቅ ታገኛለች። የናና ፊባ ቀሚስ ደግሞ አልቆ አልቆ፣ ጉልበቷ ይታያል።

«ፊባ!» አለ ቡሻ። «የተወለደ አለ?»

«አለ እንጂ ጌታዬ። አሳማዋ ሰባት ወልዳለች።»

ሰዉ ሳቀ።

«ጥርስሽን እንዳላረግፈው!»

«የቱን ጌታዬ? ያችን የቀረችውን?»

ሳቁ ባሰ፤ ቡሻ ጠረጴዛውን መታ።

«የሚምባን ሆድ ባለፈው ወር በዓይኔ አይቻለሁ። የት ገባ?»

ናና ፊባ ቀሚሷን በእጇ ጨበጠች።

«እንግዳ መጥቶባታል» አለች አሮጊቷ በመጨረሻ። «ይቀመጥ ይሂድ ገና አልነገረንም።»

«እንቆቅልሽሽን ለጓደኞችሽ! ኳኮ፣ ግባና እይ።»

ኳኮ መሬት መሬት አየ። «ጌታዬ፣ ወንድ እኮ እዚያ...»

«አንተ ትገባለህ ወይስ እኔ ልግባ?»

የኳኮ እግር አሸዋውን እየፈጨ ቀረበ። ሕፃኑ ነቅቶ አፉን ከፈተ። ለማልቀስ መሆኑ ሲገባት ጡቷን ወተፈችበት። ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ እንኳ እስከ ቡሻ ጠረጴዛ የሚደርስ መሰላት። በሩ ጨለመ። ኳኮ ደፉን አልተሻገረም፤ አንገቱን ብቻ አስገባ። ዓይኑ በቀጥታ ሕፃኑ ላይ አረፈ።

«ኳኮ ወንድሜ» አለች በሹክሹክታ፣ «በእናትህ...»

«ዝም በይ» አላት፣ እሱም በሹክሹክታ። ሕፃኑን በአገጩ አሳያት። «አትለምኚኝ። ይሰማሻል።»

ዘወር ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሚምባ ብቻ ናት ጌታዬ! ሌላ ሰው የለም።»

«ውሸት ከሆነ ጀርባህ ይከፍላል።»

«ሰው የለም ጌታዬ።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ምን ያንቀጠቅጠዋል? አልዋሸም። የስምንት ቀን እንግዳ ሰው አይደለም።

የሚምባ ልብ ገና ወደ ቦታው ሳይመለስ፣ ከፊተኛው የባሰ ፍርሃት ያዛት። አንድ ወንድ በስምንተኛው ቀን በሯ ላይ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ «ሰው የለም» ብሏል። ልጁም ሰምቷል። መጥባቱን አቆመ። እንቅልፍ ይሁን ጉዞ አላወቀችም። ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች፤ የሚሰማት ግን የገዛ ልቧ ድለቃ ብቻ ነው። ልትጠራው ፈለገች። ምን ብላ ትጥራው? ስም የለውም። ስም ብትሰጠው ደግሞ መጓጓት ነው፤ መጓጓቷን ካየ ይሄዳል። ውጭ ጸሐፊው ወረቀቱን ሲያገላብጥ ይሰማታል። የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ፣ ልጇን እንደ ባዳ ልጅ፣ የማትፈልገው መስላ፣ ጭኗ ላይ አስተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ጸሐፊው «የተወለደ የለም» ብሎ ጻፈ፣ ቡሻም ምሎ ፈረመ።

በማግሥቱ ናና ፊባ ሕፃኑን ፀሐይ ላይ አወጣችው። ማክሰኞ የተወለደ ነውና በልማዳቸው ኩቤና ተባለ። ቡሻ ልጁን ያየው ዝርዝሩ ከሄደ በኋላ ነው፤ ያን ዕለት ኳኮን አስገረፈው፤ ለናና ፊባም ጨርቅ አልሰጣትም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው የዝርዝሩን ግልባጭ ይዞ መጣና አምስት ልጆች በስማቸው ጠርቶ ወሰደ። ኩቤና አልተጠራም። በሚቀጥለው ቆጠራ ግን እሱም ተጻፈ።