ለጌታሽ ንገሪልኝ

በዚያ ዓመት፣ ብርዱ ከገባ ጀምሮ፣ ሚስተር ጊልበርት ኦርሜሮድና ባለቤታቸው ሲሲሊ የሚነጋገሩት በእኔ አፍ ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ከጦርነቱ በፊት እንግሊዝ አገር፣ ዳርቢሻየር ባለው በዚያ ትልቅ ቤት ገበታ የሚያሳልፉ ሁለት አሽከሮች ነበሩ፤ ሁለቱም ፈረንሳይ አፈር ውስጥ ቀሩ። ስለዚህ ሾርባውንም የበግ ጥብሱንም የማቀርበው እኔ ሄስተር ሆንኩ። ጌታዬ በገበታው ራስጌ ይቀመጣሉ፣ እመቤቴ በግርጌ፤ እኔ መሀል እቆማለሁ።

«ሄስተር፣ ለጌታሽ ንገሪልኝ፤ የምሥራቁ ክፍል ጣራ ያፈስሳል።»

ዞር እላለሁ። «ጌታዬ፣ እመቤቴ የምሥራቁ ክፍል ጣራ ያፈስሳል ይላሉ።»

«ሠሪ ይመጣል በያት።»

«ሠሪ ይመጣል፣ እመቤቴ።»

አንዱ የሚለውን ሌላው በደንብ ይሰማል። እኔ ካልደገምኩት ግን እንዳልተባለ ይቆጠር ነበር። ወጥ ቤት ስወርድ ወጥ ቤቷ ሚስስ ታፕሊ በሳቅ ትቀበለኛለች። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ከቀጠሉ ሁለተኛውን ልጅ የሚወልዱትም በአንቺ በኩል ነው!» እኔ ግን ሳቅ አይመጣልኝም ነበር።

ጠቡ የተነሳው በልጃቸው በዳፍኒ ነው። ዳፍኒ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ተጫዋች ልጅ። ምላሷ ግን ይይዛት ነበር። አንዲት ቃል ላይ ደርሳ ትቆምና፣ በግ ገደል አፋፍ ላይ እንደሚያመነታው ታመነታለች። እናቷ እስክትጨርስ ዝም ብለው ይጠብቋታል። አባቷ ግን ልጅቷ መንተባተብ ስትጀምር ከክፍሉ ይወጡ ነበር።

መስከረም ላይ እመቤቴ የታመሙ እናታቸውን ለማስታመም ባዝ ከተማ ሄዱ። ሲመለሱ የዳፍኒ አልጋ ተነጥፎ፣ መጫወቻዋ ተሰብስቦ ጠበቃቸው።

«የት ናት?»

«ዮርክ፣ አክስቴ ኦገስታ ዘንድ። እዚያ ትታረማለች» አሉ ጌታዬ።

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ እምቢ ትዪ ነበራ።»

ከዚያ በኋላ እመቤቴ ለባላቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ጠበቃ ጠይቀው ነበር፤ እንደ ዘመኑ ሕግ ልጅ የአባት ነው፣ አባት በፈለገበት ቦታ ያሳድጋል ብሎ አሰናበታቸው።

በገና ሰሞን ልጃቸውን እንዲያዩ ተፈቀደላቸው፤ ለአንድ ከሰዓት ብቻ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። በማግስቱ ምሳ ላይ ማንኪያቸውን ሳያነሱ፦

«ሄስተር፣ ለጌታሽ ንገሪልኝ፤ ልጄ መንተባተቧን ትታለች። ጭራሽ መናገር ትታለች።»

ሳልደግመው ጌታዬ ቢላቸውን አስቀመጡ።

«በያት...» ብለው ውሃ ተጎነጩ። «መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው። ያልፋል በያት።»

«እንዴት አወቅህ በይው።»

ጌታዬ ወንበራቸውን ገፍተው ወጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጠዋት፣ እመቤቴ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጥ ቤት ድረስ ወረዱ። እዚያ ሲወርዱ አይቼ አላውቅም። «ሄስተር፣ ተነሺ። ዮርክ እንሄዳለን።»

«ጌታዬ ያውቃሉ?»

«ዛሬ ለእሱ የምትነግሪው ነገር የለም።»

ጣቢያው ትንሽ ነው። ለገበያ የሚሄዱ የገበሬ ሚስቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ባቡሩ ገብቶ በእንፋሎት ሲያቃስት የጌታዬ አውቶሞቢል ከተፍ አለ። ጌታዬ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርጉ ወረዱ።

«ሲሲሊ፣ ተመለሽ» አሉ። ወደ እኔ አልዞሩም፤ በቀጥታ ለእመቤቴ ነው የተናገሩት።

እመቤቴም ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት መለሱ። «ልጄን ላመጣ ነው። ከፈለግህ ፖሊስ ጥራ። ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ ጥራ።»

«አክስቴ ል... ል...»

ቆሙ። መንጋጋቸው ተቆለፈ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ድንገት ሕመም የያዛቸው መስሎኝ ልደግፋቸው ተራመድኩ።

«ል... ልጅቷን እ... እየረዳቻት ነው።»

አንዲት ሴት አፍራ ፊቷን አዞረች። ጌታዬ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ የሚናገሩትን ሁላችንም ኩራት ነው ስንል ኖረናል።

«ጊልበርት» አሉ እመቤቴ፤ ድምፃቸው ወረደ። «አንተም?»

«ከ... ከልጅነቴ። እናቴ ስትሞት አክስቴ ናት ያሳደገችኝ። ዳ... ዳቦ የሚለውን ቃል አጥርቼ እስክናገር ዳቦ አትሰጠኝም ነበር። ግን ዳንኩ። አየሽ? ዳ... ዳንኩ!»

እመቤቴ ያለቅሳሉ፣ ወይም የጌታዬን እጅ ይይዛሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው ከነከንፈራቸው ነጣ።

«ይህን እያወቅህ ነው ልጄን ለዚያች ሴት የሰጠሃት?»

ጌታዬ ዓይናቸውን ወደ ሐዲዱ መለሱ።

«ባታውቅ ኖሮ ይቅር እልህ ነበር» አሉና ባቡሩ ላይ ወጡ። እኔም ተከተልኩ። ባቡሩ ሲነቃነቅ በመስኮት ባይ የጣቢያው መድረክ ላይ ጌታዬን አጣኋቸው፤ ወደ ቤት የተመለሱ መሰለኝ።

ዮርክ ስንደርስ ሚስ ኦገስታ ሻይ ላይ ነበሩ። ቀጥ ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ናቸው። ዳፍኒ ከወንበር ጀርባ ቆማለች፤ ጠረጴዛው ላይ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አለ፤ ከእሷ ፊት ግን ባዶ ሳህን። ጉንጮቿ ጎድጉደዋል። እናቷን አይታ አልሮጠችም፤ መጀመሪያ አሮጊቷን አየች።

«ልጄን ልወስድ ነው» አሉ እመቤቴ።

«ያመጣት አባቷ ነው። ጊልበርት በራሱ አፍ ካልነገረኝ ከዚህ በር አትወጣም። አንዲት እርምጃ ብትወስጃት ፖሊስ እጠራለሁ፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

እመቤቴ ልጃቸውን በክንዳቸው አቀፉ። አሮጊቷ የአሽከር መጥሪያውን ደወል አነሱ። በዚህ መሀል የውጭው በር ተንኳኳ፤ ጌታዬ ገቡ። በዚያው ባቡር፣ ከኋላ ካሉት ፉርጎዎች በአንዱ ተሳፍረው ነው የመጡት።

«አክስቴ፣ ል... ል...»

«ጊልበርት! ቀጥ በል! ተንፍስና እንደገና ጀምር።»

ያ ጦርነት ያየ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው እጆቹን ከጎኑ ለጥፎ ቀጥ አለ። ዓይኔ እያየ ልጅ ሆነ። እመቤቴ ይመለከታሉ። ዳፍኒም ታያለች።

ጌታዬ እንደገና ሞከሩ፤ ባሰባቸው።

«አታፍርም? ይህን ሁሉ ደክሜብህ!»

«አ... አፍራለሁ» አሉ። «ሲያፍር የኖረ ሰው ነኝ። ል... ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። ተ... ተንተባትቤም ቢሆን እ... እጨርሰዋለሁ። ከ... ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት አትመጣም።»

እያንዳንዱ ቃል እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነበር የሚወጣው። ማንም አላቋረጣቸውም። አሮጊቷ ደወሉን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ።

ጌታዬ ጎንበስ ብለው ለልጃቸው እጃቸውን ዘረጉ። እሷ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና የዳፍኒን ኮት ፍለጋ ወጡ።

በመልሱ ባቡር ዳፍኒ ጭኔ ላይ ተኛች። ጌታዬ ከክፍላችን በር ውጭ፣ መተላለፊያው ላይ ቆመው ነበር። ብዙ ከተጓዝን በኋላ እመቤቴ በሩን ከፈቱ።

«ግባና ቁጭ በል። ይቅር አላልኩህም።»

«አ... አውቃለሁ።»

ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ንገሪ የተባልኩት መልእክት የለም። ምሳ ላይ ፊት ለፊት ይጨቃጨቁ ጀመር፤ አንዳንዴ ጩኸታቸው ወጥ ቤት ይደርስና ሚስስ ታፕሊ ጣራውን በማማሰያ እያሳየች «በስንት ጣዕሙ!» ትላለች። የመኝታ ክፍሎቻቸው ግን እንደተለያዩ ከረሙ።

ዳፍኒ ድምፅ ያወጣችው ሳምንታት ቆይቶ ነው፤ ጋጣ ውስጥ፣ ለቤቱ ፈረስ፣ እየተንተባተበች። እናቷ ከበሩ ኋላ ሆነው ሰምተው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አለቀሱ።

ድርቆሽ በሚታጨድበት ወር አባትና ልጅ ከትልቁ ዛፍ ሥር የተረት መጽሐፍ ያነቡ ጀመር። አንዱ ቃል ላይ ሲያዝ ሌላው ይጠብቃል፤ አንዲት ገጽ ግማሽ ከሰዓት ትፈጅባቸዋለች። እመቤቴ ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰፉ ነበር። አንድ ቀን ሎሚ ውሃ ይዤ ስወጣ ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሣሩን አቋርጠው ወደ ዛፉ ሲሄዱ አየሁ።

«ከመጀመሪያው አንብቡልኝ» አሉ። «አልሰማሁትም።»