ሩሲያዊው ምን ይላል

ጫኔ የሩሲያኛውን የቼዝ መጽሐፍ ከሂርሲ እጅ ተቀብሎ መነጽሩን አደላደለና አንዲቱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ከዚያ «ነጭ የተሻለ ይዞታ አለው፣ ነው የሚለው። አለቀ» አለ።

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ጽሑፉ ነዋ። ከዚህ በታች ያለው የእርምጃዎቹ ቁጥርና ምልክት ነው።»

የጋሽ ዘነበ ለቅሶ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ሐዘን ቤቱ ጭር እንዳይል እንደ ወጉ በድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። ምግቡ ምስርና ሽሮ ብቻ ነው። ሟች ክርስቲያን፣ ከለቀስተኛው እኩሌታው ሙስሊም ስለሆነ፣ ባለቤታቸው እትዬ አገሬ «ሥጋ የሚባል እዚህ ደጅ እንዳይገባ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይብላ» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ጫኔ ጡረታ የወጣ የታንክ መካኒክ ነው፤ በወጣትነቱ ሁለት ዓመት ሶቪየት ኅብረት ተልኮ ተምሯል። ያን ቀን ጠዋት በሚኒባስ ከቀብሪበያ ሲመጣ፣ ሂርሲ ዱዓው የደረሰለት መስሎት ነበር።

ጸሎት የሚያስፈልገው ቃል ስለ ገባ ነው። ጋሽ ዘነበ በሞታቸው ዋዜማ እጁን ይዘው፣ ስልሳ ጨዋታ ካለው ከዚያ የሩሲያኛ የቼዝ መጽሐፍ አብረው የተማሩት ሠላሳ ሰባቱን ብቻ መሆኑን አስታወሱት። የቀረውን እሱ ለጓደኞቹ እያነበበ እንዲጨርሰው፣ የዐርቡም ጨዋታ እንዳይበተን ለመኑት። ሂርሲ «ወላሂ» ብሎ ማለ። ሲምል ግን አንድ ነገር ዘንግቷል፤ ሩሲያኛ አይችልም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሰማንያ አምስት ጀምሮ፣ ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የፋርማሲውን በር ዘግቶ ወደ ጋሽ ዘነበ ግቢ ይሄዳል። እሳቸው የሒሳብ መምህር ነበሩ። የአንድ ሊቅ ጨዋታ ሰሌዳው ላይ እርምጃ በእርምጃ ይደረድራሉ፤ አንዱ ጨዋታ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ቀጣዩን እርምጃ በወረቀት ይሸፍኑና «አንተ ብትሆን የቱን ታንቀሳቅሳለህ?» ይሉታል። ይመልሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል። ያኔ ወረቀቱን ያነሱና የመጽሐፉ ደራሲ የጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡለታል። ሩሲያዊው እንዲህ ይላል፤ ጥግ ላይ የቆመ ፈረስ በር ላይ እንደ ተቀመጠ እንግዳ ነው፣ ወሬውም ምግቡም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሩሲያዊው እንዲህ ይላል፤ ወታደር ወደ ኋላ አይመለስምና ከመግፋትህ በፊት እጅህን ኪስህ ክተት።

ሂርሲ ይህን ትምህርት ቼዝ ላይ ብቻ አልተወውም። አንድ ጊዜ ሚስቱ ሳዳ ሦስት ቀን ስታኮርፈው፣ «ከመንቀሳቀስህ በፊት ሌላው ምን እንደሚፈልግ ጠይቅ» የሚለው ትዝ አለውና ጠየቃት። ለካ የፈለገችው አፍደም ያለችውን እኅቷን ማየት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመድኃኒት ገዢውም፣ ለአማቱም፣ ለሰፈሩ ሽማግሌም ሩሲያዊውን ሳይጠቅስ አይውልም።

አሁን ጫኔ ገጹን ገለበጠ። አሥራ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ «ጥሩ እርምጃ» ይላል። ሃያኛው ላይ «ጥቁር ተሸንፏል» ይላል። ሂርሲ በር ላይ ስለ ተቀመጠው እንግዳ ጠየቀ። ጫኔ ከልቡ ፈለገ፤ እንግዳ የሚባል ግን እዚህ መጽሐፍ ውስጥ እንዳልገባ በትሕትና ነገረው።

ካርታ ይጫወት የነበረው ጠበቃው ዐብዲኑር ጆሮውን አቁሞ ኖሯል። እሱም የዐርቡ ማኅበርተኛ ነው፤ ክርክር ካላገኘ ራሱን ያመዋል።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሸውደናላ» አለና ሳቀ።

ሂርሲ አልሳቀም። ሙት ወቃሽ መሆን ነውር እንደሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ተናደደ። ከሁሉ ያበገነው ደግሞ፣ እየተናደደባቸውም ጋሽ ዘነበ ስለ ናፈቁት ነው። መጽሐፉን ብብቱ ሥር ወትፎ ሳይሰናበት ወደ ቤቱ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ሊመልስ መጣ። እትዬ አገሬን ጓዳ በራፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸውና፣ መሐላውን መጠበቅ እንደማይችል፣ ጋሽ ዘነበ ያነበቡለት ነገር መጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ነገራቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሂርሲ ያለቀሱ መስሎት ደነገጠ። እትዬ አገሬ ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ ነበር።

«ዘነበ? ሩሲያኛ? ስድስት ወር ተምሮ ፊደሉን ነው የለየው» አሉ። «ማክሰኞ ነው የሚጀምረው። ያቺኑ ጨዋታ ዘርግቶ ደግሞ ደጋግሞ ይጫወታታል። ‹ተጫዋቹ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሳይገባኝ ዐርብ ሂርሲን ምን ልለው ነው› ይላል። ድስቱን እይልኝ ብዬው ስወጣ ስንቱን ወጥ አሳርሮብኛል መሰለህ።»

«ታዲያ የራሴ ሐሳብ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ብሎህ ነበር እኮ። የመጀመሪያው ዐርብ።»

ሂርሲ አስታወሰ፤ ጆሮው ድረስ ጋለው። ያኔ ከኮሌጅ የወጣ ትኩስ ባለሙያ ነበር። ጋሽ ዘነበ አንዱ ወታደር ለምን እንደ ተገፋ ሲያስረዱት፣ ሰው ሁሉ ፊት «ይሄ የሒሳብ መምህር ሐሳብ ነው፤ መጽሐፉ ምን ይላል?» አላቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አደረጉና ከመጽሐፉ እንደሚያነቡ ሆነው ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ደገሙለት። እሱ ደግሞ «እንዲህ ነዋ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«የእኔ ነው ካልኩት ይከራከረኛል፣ የሩሲያዊው ነው ካልኩት ቤቱ ሄዶ ያስብበታል ይል ነበር» አሉ እትዬ አገሬ።

ሂርሲ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሳቸው እስኪበቃው ጠበቁትና መጽሐፉን መልሰው ጭኑ ላይ አኖሩለት።

«ካርታ ይጫወቱ የለ፤ ቼዙ ምን በደለ? ሂድ ዘርጋው።»

ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት ሠላሳ ስምንተኛው ጨዋታ ሰሌዳው ላይ ተዘረጋ። ጫኔም ካርታውን ትቶ ቀረበ። እርምጃውን እየተከተሉ ሄደው አንድ ቦታ ሲደርሱ ነጭ ግንቡን ሰጥቶ ተራ ፈረስ ወሰደ። ዐብዲኑር ክርክር አገኘ። ግንብን የሚያህል ነገር ለፈረስ መስጠት ኪሳራ እንደሆነ አስረዳና እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

«እስቲ፣ ሩሲያዊው ምን ይላል?»

ሂርሲ መጽሐፉን ለጫኔ አልሰጠም። ሰሌዳውን ብቻ አየው፤ ሻይ እስኪቀዳለት፣ ሻዩም እስኪበርድ ድረስ አየው። ከዚያ ድንገት ገባው። ጥቁሩን ንጉሥ ይጠብቅ የነበረው ያ ተራ ፈረስ ብቻ ነበር።

«ሩሲያዊው ምንም አይልም» አለ። «ጋሽ ዘነበ ግን፣ ውድ ሰጥቶ ርካሽ የወሰደውን ሞኝ ከማለትህ በፊት፣ ርካሹ ምን ይጠብቅ እንደነበር እይ ይላሉ።»

ዐብዲኑር ሰሌዳው ላይ አቀረቀረ። ጫኔ አንዴ መጽሐፉን፣ አንዴ ሂርሲን አየና ሻዩን ፉት አለ።

ሂርሲ የነጭን ንግሥት ክፍት ወደ ቀረው ንጉሥ ገፋት። ጋሽ ዘነበ ሌላም የሚሉት ያለ ይመስል፣ እጁን ከላይዋ ለማንሳት ግን ዘገየ፤ ዐብዲኑርም አላጣደፈውም።