ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነበር

ላይደን ከተማ ድምፅ አልባውን ፊልም ሊያይ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ጥቁር ሻል የደረቡት ከባሕር ዳርቻ መንደር የመጡ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ማሬቼና የባሏ እህት ኮባ። በመንደራቸው ፊልም ማየት ነውር ስለሆነ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን ብለው ነው የወጡት። ኮባ መንገዱን ሙሉ፣ "አንድ ጥርስ ሳታስነቅይ ብትመለሺ ማን ያምነናል?" እያለች ስትቀልድ ነበር።

ማሬቼ የመጣችው ሟች ባሏን ብላ ነው። ባለፈው በጋ ፊልም ሠሪዎቹ መንደሩ ድረስ መጥተው የባሏ የካፒቴን ቴውኒስ ጀልባ እንዴት እንደሰጠመች ሲጠይቋት፣ አንድም ነገር ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። ለሟቾቹ መታሰቢያ ነው ስላሏትም የሐዘን ልብሷን ለብሳ አሸዋው ላይ ቆማላቸዋለች። ጩኺ ቢሏት አልጮኸችም። የመንደሯ ሴት ባሕር ፊት አትጮኽም። የሰባቱን ሟቾች ስም ብቻ በከንፈሯ ጠራች።

አሁን ፊልሙ ላይ ጀልባዋ ከባሕሩ የአሸዋ ክምር ጋር ስትላተም ታየች። ከፊልሙ ሸራ አጠገብ ቆሞ የሚተርከው ሰውዬ በረጅም ዘንግ እያመለከተ፣ ካፒቴኑ ሰክሮ ሰባት ነፍስ እንዳስጠፋ አወራ። ቴውኒስ ከቁርባን ወይን በቀር መጠጥ ያልቀመሰ ሰው ነበር። ቀጥሎ ማሬቼ ራሷ ብቅ አለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዘንጉ ፊቷ ላይ አረፈ።

"ሚስቱ ናት፤ ያንን ሰካራም እየረገመችው።"

ደሟ ፈላ። ጀልባዋ የሰጠመችበት ቀን እሑድ ነበር። ጀልባዋ ከዳርቻው እየታየች ማዕበል ይደበድባታል። የነፍስ አድን ጀልባው ቤት ተቆልፏል። ቁልፉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የማርተን ኪስ ውስጥ ነው፤ ሽማግሌ ማርተን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ። ከባሕሩ ሮጦ የመጣው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆመ፤ ስብከት አይቋረጥማ! ሹክሹክታው ማሬቼ ጋ ሲደርስ ልትነሳ ነበር፤ ኮባ ቀሚሷን ይዛ፣ ቡራኬው ይድረስ ብላ አስቀመጠቻት። ቡራኬው ደርሶ ሲወጡ ከውሃው በላይ የቀረው ምሰሶው ብቻ ነበር።

ይህንን ሁሉ ነው የነገረቻቸው። ቤተ ክርስቲያን ከመንካት ሙት መስደብ ቀለላቸው። ሙት ምን ብሎ ይመልሳል?

ተነሳች። ኮባ እንደገና ቀሚሷን ጨበጠች። "ተይ ማሬቼ፣ ሰው ያየናል።"

"ያኔም የያዘችኝ ይህችው እጅሽ ናት።"

ኮባ ቀሚሱን ለቀቀች። ማሬቼ ወደ ፊት ሄደች። ተራኪው፣ እመቤቴ ይቀመጡ፣ ታሪኩ አላለቀም አላት።

"ታሪኩን አያውቁትም" አለችው፤ "ሚስቱ እኔ ነኝ።"

ዘንጉን ተቀበለችው። ፊልሙ ጀርባዋ ላይ እየሮጠ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ስብከቱ፣ ስለ ቡራኬው ተናገረች። የሰባቱንም ስም ጠራች፤ አሁን በድምፅ።

"አልሰከረም" አለች በመጨረሻ። "ቁጭ ያልነው እኛ ነን።"

ወደ መንደር ሲመለሱ ኮባ አልቀለደችም። የአሸዋ ጉብታዎቹ ሲታዩ ብቻ፣ ይህንን ለሽማግሌ ማርተን ማን ይነግረዋል ብላ በቀስታ ጠየቀች።

"እኔ ነኛ" አለች ማሬቼ። "እሑድ። ከቡራኬው በፊት።"